«ግቢ» ባይ ያጣ በር

ውድ እማማ ቁልፍ፣

ትናንት ደረጃው ላይ ሳገኝዎ አፌ ተሳሰረ። በአፌ ያልወጣው በብዕር ይውጣ ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ይህን በበርዎ ስር አሾልኬ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ጉድ እኮ ነው እማማ። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ትንፍሽ አላሉም? እኔ የመሸጋገሪያ ቤቱ ተቀጣሪ ይመስሉኝ ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም። ከጎዳናም ከእስር ቤትም የመጣነውን ሴቶች አልጋ ማንጠፍ፣ ምድጃ ማጥፋት፣ የኪራይ ቀን አለመርሳት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አንኳኩተን እንቆማለን፤ ዓይናችንን አይተው «ግቢ» ካላሉ ማንም አይገባም። አንዴ ሞቅ ብሎኝ ብመጣ «ስካሩ እስኪበርድልሽ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጪ» ብለው ውሃ አቀበሉኝ። እንዴት እንደረገምኩዎ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወጥቼ የራሴን ክፍል ስይዝም «ከእንግዲህ በር ከፋች አትጠብቂ፣ የቤትሽ እመቤት ነሽ» ብለው የሸኙኝ እርስዎ ነዎት።

ትናንት የመሸጋገሪያ ቤቱ አስተባባሪ ጠርታ «አንድ ነዋሪ የራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸዋል፤ ሂጂና አለማምጃቸው» አለችኝ። ማን ናቸው ብላት «እማማ ቁልፍ» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ከሁላችሁም በፊት የመጡት እሳቸው ናቸው። የክፍል ተራቸው በደረሰ ቁጥር ለሌላ ሰው ይለቃሉ። አሁን ቤቱ ሊዘጋ ነው። አዲሱን ክፍል እስከ እሁድ ካልኖሩበት ለሌላ ይሰጣል፤ እሳቸውም ወደ መጠለያ ነው የሚመለሱት።»

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

የባሰው ደግሞ አዲሱ ክፍልዎ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። ዕቃዎ ሳይፈታ ከጎንዎ፣ ቁልፉ በእጅዎ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እርስዎ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምነው እማማ፣ ቁልፉ እምቢ አለ?»

«ኧረ ይሠራል።»

«ታዲያ?»

«ግቢ ያለኝ የለማ» አሉኝ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው።

አለቀስኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ። ስንቱን ሰው ያስገቡ ሴትዮ ከራስዎ ደጃፍ ላይ! ዘዴ ቢጠፋኝ አልፌዎት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «ያንኳኩ» አልኩ ከውስጥ። ከዚያ ኳ፣ ኳ። «ይግቡ» አልኩ። ገቡ፤ ገብተውም ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ። እስከ እሁድ ይቆዩ እንደሆነ እንጃ፤ ፈርቻለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። በሩ ክፍት ቢሆንም አልገባም፤ ዝናብ ቢመታኝም አልገባም። እርስዎ እንዳስተማሩኝ አንኳኩቼ እቆማለሁ። በዚያ ቤት «ግቢ» ማለት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው።

በረንዳ ላይ ስካሯን ያበረደች ልጅዎ