ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት የዓይን መሸፈኛ

ኅዳር 3
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ልጄን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ። የልጅ ልጄ ድንቡሼ ቢጫ ሆኗል... የዓይኑ ነጭ ሳይቀር። ዶክተሯ "መብራት ሥር ይተኛል" አለች። በዳይፐር ብቻ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ኅዳር 4
ሰማያዊ መብራት። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካካው ቀጥኗል፣ አረንጓዴ ነው። ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። ሲስተሯን ጠራኋት።
"ከመብራቱ ነው ማዘር፣ ሲወጣ ይጠፋል። ዋናው ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው፣ ውሃ እንዳያጥረው።"
ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠራኋት። ሰውነቱ ሞቋል እኮ! ቆዳውስ ለምን ደረቀ?
"እርስዎን ነበር መብራት ሥር ማስተኛት" አለችኝ። ልጄ ሳቀች። ይሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።
ከሁሉ ያናደደኝ ያ የዓይን መሸፈኛ ነው። ፕላስተሩ ጉንጩን አቅልቶታል። ቤት እንደገባሁ ከለስላሳ ጥጥ አንድ ሰፋሁለት። እንዳያጠብቀው ላስቲኩን ላላ አደረግኩት። ሲያምር! ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 5
እጄ ይቆረጥ።

ኅዳር 6
ትናንት መጻፍ አቃተኝ።
ልጄ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሲስተሯ "መሸፈኛውን እንዳይነኩት" ብላኛለች። ሰምቻለሁ... ግን እሷ ስለ ጨርቅ ምን ታውቃለች? ዞር ስትል የሷን አንስቼ የኔን አደረግኩለት። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻይ!
ስመለስ ሲስተሯ ድንቡሼን አቅፋ ጀርባውን ታሸዋለች። መሸፈኛዬ ከዓይኑ ተንሸራቶ አፍንጫውን አፍኖት ነው ያገኘችው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ከዚያ አለቀሰ... አለቀሰ፣ ተመስገን።
"ማነው ይሄን ያደረገለት?"
በለቅሶው የነቃችው ልጄ መሸፈኛውን አንስታ አየችው። ስፌቴን መች ታጣዋለች? የልጅነት ልብሷን ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ።
"እማዬ... አንቺ ነሽ?"
ሱቅ ለማስተምራቸው ልጆች "አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንዴ ቁረጡ" እላለሁ። የልጁን ራስ አንዴ እንኳ አልለካሁም። መብራቱ ይጎዳዋል ብዬ ስጠብቅ ጉዳቱ ከኔ ቦርሳ ወጣ። ምነው እጄን ሰብስቤ በተቀመጥኩ!

ኅዳር 8
ከመብራቱ ወጣ። ቢጫው ለቆታል፣ ሽፍታውም ጠፋ... ሲስተሯ እንዳለችው። ዶክተሯ መርምራ "ምንም አልሆነም" አለች። ሲስተሯን ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጄንም ጠየቅኩ፤ "እሺ" አለች፣ ሌላ ምንም። ልቀፈው ስል "ቆይ፣ ይተኛበት" ትለኛለች። ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ እኮ ነው።

ኅዳር 15
ልጄ ቤት ሄድኩ። የሕፃን ልብስ ከሱቅ ገዝታለች። ስፌቱ የማይረባ ነው። ምላሴን ነከስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ባዶ እጄን እንግዳ ሆኜ ተቀምጬ መጣሁ።

ታኅሣሥ 2
ድንቡሼ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ልጄ ልብስ ታጥባለች። ኮፍያው ወደ ቅንድቡ ወረደ። ድሮ ቢሆን ማንን እጠይቃለሁ? እጄን ሰደድኩ... መለስኩት።
"ነይማ፣ ኮፍያው ወርዷል!"
እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች። እሱን አየች፣ እኔን አየች።
"እማዬ፣ እጅ የለሽም እንዴ? አስተካክዪው።"
አስተካከልኩት። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ለካሁ። እንደገና ለካሁ።
እስክጨርስ ድረስ ግን አልሄደችም።