ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ያሲን፣ ካለህበት የአፋር በረሃ። አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከሙቀቱ ይጋርድህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

መካነ ሰላም ዝናቡ በርትቷል። ለአረፋ ብዬ ከክትባት ሥራዬ ከመጣሁ ወር አለፈኝ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሀያት በረሃ ለበረሃ ዞራ የስንቱን አርብቶ አደር ልጅ ከኩፍኝ አተረፈች!» ስትል ትውላለች። ሴቶቹ ሲመርቁኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝና ልብስ ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

ኩፍኝ እናንተ ዘንድ መግባቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ከታቢዎች ሲመጡ ከወንዙ ማዶ የሰፈሩትን አሥራ አንድ ልጆች አደራ አስከትባቸው። «ሀያት መዝገቡ ላይ ተከትበዋል ብላለች» ቢሉህ፣ «ግድ የለም፣ እናንተም ክተቧቸው» በላቸው። መዝገቡን የሞላሁ ቀን ፀሐዩ በጣም ከብዶኝ ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነው።

ተማሪህ አስያም ከእነሱ ናት። ፊደል በለየች ሰሞን ስሜን አሸዋ ላይ ጽፋ አሳይታኛለች። ባለፈው ደብዳቤህ የተማሪዎችህን ስም ሁሉ ስታነሳ የእሷን አጣሁት። ረስተኸው ይሆናል።

ሰኞ በደሴው አውቶቡስ ተነስቼ እመጣለሁ። ለእናቷ ምንም አትበላት፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

አላህ ሁላችሁንም በአፊያ ያቆይልኝ።

እህትህ ሀያት