ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት

ውድ እማማ ኑርሀያት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስደውል ድምፄን ሲሰሙ ስልኩን ስለሚዘጉብኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ጎረቤትዎ ኢቲሳም ታንብብልዎ።

አማቱን ከቤት ያስወጣ ባጃጅ ነጂ ተብዬ ሐይቅ ከተማ ላይ ስሜ ጠፍቷል። ተሳፋሪው ገና ሳይቀመጥ "ከአማትህ ታረቅህ ወይ?" ይለኛል።

ሱሩር በሰባት ወሩ ሲወለድ፣ ደሴ ሆስፒታል በእርግብግቢቱ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ አይተው ትንሽ ደም መፍሰሱን ነገሩን። ዶክተሩ ምን አሉ? "ምስሉ ብቻውን አይፈርድም። መወለድ ከነበረበት ቀን ሦስት ወር ሲቆጠር፣ በጀርባው ተኝቶ እጅ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ቅረጹልኝ። ሦስት ደቂቃ፤ ማንም አይንካው፣ አያናግረው።"

እንዴው ወሎ ውስጥ ሕፃን ሦስት ደቂቃ ብቻውን የሚተው ማን ነው? በመጀመሪያው ቀረጻ እርስዎ ገብተው እግሩን ሳሙት። በሁለተኛው "ራቁቱን? ዓይን ሊበላው ነው?" ብለው ሻርፕዎን ጣሉበት። በሦስተኛው ሁለት ደቂቃ በሰላም ሄደን ነበር፤ ከዚያ ምርቃት ጀመሩ።

ፍርሃቴ ነው ያናገረኝ፣ እማማ። ልጅዎ መስኡዳ ሕፃኑን ባጠበች ቁጥር ግራ እግሩን ከቀኙ ስታስተያይ አያለሁ። ልጄ ይራመድ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው "ይውጡልኝ" ብዬ በሩን የዘጋሁት። ወላሂ፣ ምላሴን በቆረጠው። እርስዎም ጓዝዎን ጠቅልለው ውጫሌ ከገቡ ይኸው ሦስት ሳምንት።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ አራተኛው ቀረጻ ተሳካና ቪዲዮውን ላክሁ። ዶክተሩ ደጋግመው አዩትና "እንቅስቃሴው እንደሚገባው ነው፤ ደስ ይበላችሁ" አሉ። አልሐምዱሊላህ። መስኡዳ አለቀሰች። እኔ እንኳ ባጃጄ ውስጥ እስክገባ አላለቀስኩም።

ግን ትእዛዝ አለ። "ሲነቃ በሆዱ አስተኙትና ፊት ለፊቱ ሆናችሁ አውሩለት፤ ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ማንሳት ይለምዳል።" ስለ ቤንዚን ሰልፍ ነገርኩት፤ ተኛ። መስኡዳም ሞከረች፤ ጣቱን ጠባ። ትናንት ያንን የተበላሸ ሦስተኛ ቪዲዮ ከፍቼ ምርቃትዎን አሰማሁት። አንገቱን ቀና አደረገና በሩን አየ።

አውፍ ይበሉኝ፣ እማማ። ይህን ወረቀት ያመጣው ጁማ የሚኒባሱን የፊት ወንበር ይዞልዎታል፤ ያለ እርስዎ እንዳይመለስ ብዬዋለሁ። ከእንግዲህ በቤታችን ዝም ማለት ክልክል ነው።

በሩን የዘጋው፣ አሁን ከፍቶ የቆመው ልጅዎ
ሙስዓብ