የሃምሳ ሰው ፊርማ

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ በደህና ይድረስሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

አባትሽ ለከተማው ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ፣ "የሰፈሩን ውኃ የማስተካክለው እኔ ነኝ" ይላል። ዕጩ ለመሆን ከሰፈሩ መራጮች የሃምሳ ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። በየቤቱ እየዞረ በአራት ቀን ሞላው።

ትናንት ቅጹን ይዘን ምርጫ ቢሮ ሄድን። መዝጋቢዋ ስሞቹን አንድ በአንድ አየችና፣ "አባባ፣ ይኼ እኮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። ሥራው ፀጉር አስተካካይ ተብሎ የተጻፈው ሰው ለብቻው አምስት ጊዜ ፈርሟል" አለችው።

አባትሽ ሳቀ። "ቢወደኝ ነዋ!" አላት።

ስንመለስ ፀጉር አስተካካዩን ነጠል አድርጌ ጠየቅኩት። "እማማ፣ አባባ በመጡ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዱኛል። 'ፈርሜያለሁ' ልላቸው አንጀቴ አልቻለም" አለኝ። ሌሎቹም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ዛሬ አዲስ ቅጽ ይዞ ሲወጣ፣ ገበያ የምሄድ መስዬ ከኋላ ከኋላው ስከተለው ዋልኩ።

ለምርጫው ቀን ብትመጪልን ደስ ይለናል። ስትገቢ ግን፣ ገና ከበሩ ላይ ስምሽን ንገሪው።

ሰላምሽ ይብዛልኝ።

እናትሽ