ከኋላ የተቀመጠው ሾፌር

ጥቅምት 4፣ እሑድ

ዛሬም ግድቡን ዞርን። ባለ ሁለት ወንበሯን ብስክሌት መናፈሻው በር ላይ ተከራየን… እኔ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ። አከራዩ እንደ ልማዱ፣ "ሾፌሩ ዛሬም ተሳፋሪ ሆኑ?" ብሎ ቀለደበት። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ከእህቱ ልጅ ጀርባ ተቀምጦ መሄድ እንዴት ይዋጥለት? ግን የዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣም ነበር። ይቺ ብስክሌት ናት ያወጣችው።

"ጥሩምባ ንፊ!"

"ጋሼ፣ ዳክዬዎች ናቸው።"

"ዳክዬም ቢሆን መንገድ ይልቀቅ!"

የሁለታችን ፔዳል የተያያዘ ነው። እሱ ሲገፋ የኔም ይዞራል፣ እኔ ስገፋ የሱም። አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ወዲያው ያውቃል።

ልጅ ሆኜ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። በእረፍት ቀኑ በአሮጌዋ ብስክሌቱ ጭኖ ያዞረኛል። ግድቡን አየሁ ማለት አልችልም፤ ያየሁት የጋሼን ጀርባ ነው። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሰማያዊ ሸሚዝ፣ መሃሉ ላይ በላብ የረጠበ። ውሃው በግራ በኩል ብልጭ ይላል… ከዚያ ደግሞ ሸሚዝ።

ጥቅምት 7

ሥራ ካመለከትኩበት የመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ወሬ የለም። ስልኬን ሳይ ምሳዬ ቀዘቀዘ። ተመርቆ ቤት መቀመጥ… እግሬን ያሳክከኛል።

ጥቅምት 9

ደወሉ! ተቀበሉኝ! አልጋዬ ላይ ዘለልኩ፤ አንዱ እግሩ ተንቋቋ። ኅዳር 10 ሥራ ጀምሪ ተባልኩ። ከዚህ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ…

ከዚያ የጋሼ ድምፅ ከሳሎን ተሰማኝ። ሚስቱን፣ እትዬን፣ "እሑድ ከነገ ወዲያ ነው አይደል?" ይላታል።

ቁጭ አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

አልነገርኩትም። ግማሹን መንገድ እንዳለፍን፣ "ዛሬ እግርሽን ምን ነካው? አንዴ ትገፊያለሽ፣ አንዴ ትተዪዋለሽ" አለኝ።

"እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"እሺ" አለ። እሺ ያለበት ድምፅ ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 14

እትዬ ነቃችብኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳወርድ ደረሰች። ነገርኳት። አቀፈችኝ፤ ልትጮህ ስትል ራሷ አፏን በእጇ ያዘች።

"ለሱስ?"

"እንዴት ብዬ ልንገረው?"

"በአፍሽ ነዋ! ደግሞ በቦታሽ እኔን እንዳታስቢ። እዚያ ነገር ላይ አልወጣም። ካልሮጡበት የሚወድቅ ዕቃ፣ ምኑ ነው መጓጓዣ የሚሆነው?"

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ነገርኩት። ከግድቡ ማዶ፣ ሁሌ የምናርፍበት አግዳሚ ወንበር ላይ። ሥራ ማግኘቴን፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደምሄድ…

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

እሱንም ነገርኩት። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለው እንኳ አልመለሰም።

ተነሥተን ጉዞ ጀመርን። ብስክሌቷ ከበደችኝ። ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ዘወር ስል፣ ጋሼ እግሮቹን ከፔዳሉ አንሥቶ ብረቱ ላይ አሳርፏቸዋል። ፔዳሎቹ ከሥሩ ባዷቸውን ይዞራሉ። የቀረውን መንገድ፣ ዳገቱንም ጭምር፣ ብቻዬን ገፋሁት። ላቤና እንባዬ ተቀላቀለ።

አከራዩ፣ "ምነው ዛሬ በአንድ ሞተር መጣችሁ?" አለ። የሳቀለት የለም።

ጥቅምት 20

ቤታችን ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ "በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መምጣት አልችልም" ብዬ ጻፍኩ። አልላክሁትም። አላጠፋሁትምም። ልቅር እንዴ? ይህን ሥራ እንዴት እንደተመኘሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን እሱስ? የሌሊት ፈረቃ ነድቶ አድሮ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ "ተነሺ ደወሌ፣ ውሃው እየጠበቀን ነው" ይለኝ የነበረ ሰው… ደወሌ ያለኝ፣ ገና ብስክሌቷ በረንዳ ላይ ቆማ ሳለች ደወሏን አላስቀምጥ ስለምል ነው። ጎረቤት በጠዋቱ ይራገማል። እሱ ይስቃል።

ጥቅምት 22

ጋሼ በሬን አንኳኳ። ግድግዳውን እየዳበሰ ገብቶ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"የተቆጣሁት በመሄድሽ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። እግርሽ እየነገረኝ አፍሽ ደበቀኝ። ዓይን የሌለው ሰው ነገር ሲደብቁት… ሁለት ጊዜ ነው የሚጨልምበት።"

ይቅርታ አልኩት። "ደግሞም ፈራሁ" አለ። ጋሼ! በዚያ ሁሉ ጎርፍና ጭጋግ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ያለፈ ጋሼ!

እቀራለሁ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"እቀራለሁ ብትዪ ከነሻንጣሽ አውጥቼ ነው የምወረውርሽ። ይልቅ ሌላ ነጂ ፈልጊልኝ። የምፈትነው ግን እኔ ነኝ።"

እንደወጣ ያንን መልእክት አጠፋሁት።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

የፈተና ቀን። እትዬም የውሃ ኮዳ ይዛ ልታይ መጣች።

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካያችን። ወሬ ሲያበዛ ሣር ውስጥ ይዞት ገባ። "ይኼ ሰው መንገዱም ጭንቅላት መስሎታል፣ ዳር ዳሩን ነው የሚከረክመው" ብሎ ጣለው። ቀጥሎ የሰፈሩ ስፖርት አስተማሪ። እንደ ጥይት ተወነጨፈ። ጋሼ ኮፍያውን በነፋስ አስወስዶ ተመለሰ። "ከኋላው ሰው መኖሩን የረሳ ሾፌር አይባልም።" ወደቀ።

ሦስተኛውን የጠራችው እትዬ ናት፤ ለኔም አልነገረችኝም። የጋሼ የድሮ ረዳት! አውቶቡሱ ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረ፣ አሁን ሆዱ ከመሪው የሚቀድም ሽማግሌ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም።

"ብስክሌት ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው" አለ ረዳቱ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"እኔም አንተን ካየሁ" አለ ጋሼ።

እኔና እትዬ ተያየን። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሲወጡ ተንገዳገዱ፣ እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ረዳቱ ሳያስበው፣ እንደ አውቶቡሱ ዘመን፣ "ሳበው!" ብሎ ጮኸ። የጋሼ እግር በዚያው ቅጽበት ገፋ፤ ብስክሌቷም ቀጥ ብላ ሄደች። እያየኋቸው በመታጠፊያው ተሰወሩ። ሲመለሱ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት።

"አለፈ?" አልኩት።

"አልጣልኩትም" አለ ጋሼ። ፊቱ ግን… ምን ልበል። ወጣት መሰለኝ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ከመሄዴ በፊት የመጨረሻችን። እንደ ሁልጊዜው የማየውን ልነግረው ስጀምር፣ "ዛሬ እኔ ልንገርሽ፤ አንቺ ንጂ" አለኝ።

"እዚህ ጋ የዘበኛው ቤት። በሩ አረንጓዴ፣ ደጃፉ ላይ የማይነሣ ሰነፍ ውሻ።" ቤቱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አላረምኩትም። "እዚህ ጥዶቹ። እዚህ ደግሞ አንቺ ወድቀሽ፣ እኔ ደንግጬ አንቺን ትቼ ብስክሌቷን ያነሣሁበት።" ሳቅን። ከጥዶቹ አንድም የለም፤ በሽቦ የታጠሩ ቀጫጭን ችግኞች ናቸው የቆሙት። በአዲሱ አስፋልት እየነዳሁ በድሮው መንገድ አለፍኩ። የሰው ትዝታ እንዲህ ሞልቶ ይቀመጣል? ዛፉ ተቆርጦ ጥላው ይቀራል?

"ውሃው አሁንም ያብለጨልጫል?"

"ያብለጨልጫል፣ ጋሼ።"

ዳገቱ ላይ ሆን ብዬ እግሬን አላላሁ። ዝም ብሎ ገፋኝ። ማወቁን አውቃለሁ። እስከ ጫፉ ድረስ ገፋኝ።

ኅዳር 8

ደረስኩ። ክፍሌ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ ከበላዬ ጠረጴዛ የሚጎትት ጎረቤት። ማንን ልጠይቅ… ውሃ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው?

ኅዳር 16፣ እሑድ

የመጀመሪያዋ የሥራ ሳምንት አለፈች። ቦት ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ለማጠብ ያሳሳል። ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ደገምኩ። በስንት ጊዜዬ እያለከለከ አነሣው።

"ጋሼ! ደህና ነህ?"

"እኔ ደህና ነኝ፤ ይኼ ረዳት ነው ግራና ቀኙን የማይለየው!"

"አንተ ነህ አሳስተህ የምታዘኝ!" የሚል ድምፅ ከወዲያ።

"ዝም ብለህ ንዳ! እሺ ደወሌ፣ ሥራ እንዴት ነው?"

ጀመርኩለት። ስለ አለቃዬ፣ ስለ መለኪያ መሣሪያው፣ ኮረብታው ላይ ስወጣ ከተማው ሁሉ ከሥሬ ስለሚታየው…

"ቆይ ቆይ፣ ሌሎች ሊቀድሙን ነው! እንዳታሳልፋቸው አንተ! ማታ ደውዪልኝ የኔ ልጅ!"

ዘጋብኝ።

ማን ይነዳዋል ብዬ ስንት ሌሊት የተገላበጥኩለት ሰው፣ ለኔ ጊዜ የለውም! ደስ አለኝ። ትንሽ… ትንሽ ብቻ ከፋኝ። ከዚያ ጫማዬን አሰርኩ። ይህችን ከተማ ገና በእግሬ አላየኋትም።