ጊታርህን የሰሙት ሁሉ አስቀኑኝ

ሰይድዬ፣ አካሌ፤ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ቤታችን ደህና ነው። በጦርነቱ የተነቀለው ቆርቆሮ ተመልሶ ተመቷል፤ አሳ ቤቴንም ዳግም ከፍቻለሁ። ዘንድሮ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ማሳው ተጠግቷል፤ አጥማጆቹ እንደ ድሮው ትልልቁን ለእኔ ያስቀሩልኛል። ልጃችን ሀያት ትምህርት ቤት ገብታለች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት።

ይህን በየዱዓዬ ነግሬሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለሌላ ነገር ነው። ቀንቻለሁ፣ ሰይድዬ። በሞተ ባልም ይቀናል ወይ ትለኝ ይሆናል። ለካ ይቀናል።

አልበማችሁ ወጣ። በለውጡ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ነገ ደግ ይሆናል ብሎ በሚጨፍርበት ጊዜ፣ ደሴ ሄዳችሁ የቀረጻችሁት ያ ዘገምተኛ ሮክ። አንተ አምባሰልን በጊታር እየጎተትህ፣ የውጫሌዋ ትርሲት እየዘፈነች። ሥራው ሳይወጣ ጦርነቱ ደረሰ። ወደ አክስትህ ገጠር ሸሸን፤ እዚያ ሳለን የስኳር መድኃኒትህ አለቀ፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እጄ ላይ ነው የሄድኸው። አገሩ ረጋ ሲል ትርሲት ቅጂውን አፈላልጋ አገኘችና «ቀስታ» ብላ አወጣችው።

መጀመሪያ አንድ የሬዲዮ ሰው አጣጣለው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ሮክም አልሆነ አምባሰልም አልሆነ አለ። ወላሂ ደስ አለኝ! ሌላው ካልፈለገው ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ። አልሆነም። ቆይቶ አንድ የጋዜጣ ሃያሲ አሞገሰው፤ ከዚያ ወዲያ አገር ተከተለው። አሁን ባጃጁ ውስጥ አንተ ነህ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥም አንተ ነህ። ወደ ውጫሌ የሚያልፈው መንገደኛ ምሳ ሊበላ ሲገባ እንኳ ስልኩን ከፍቶ አንተን ያሰማኛል።

አንድ ቀን አንዲት ኮረዳ አሳው ፊቷ ቀርቦ እየቀዘቀዘ ስታለቅስ አየሁ። ምን ሆንሽ ብላት «ይህ ጊታር የሆዴን ነው የሚያውቀው» አለችኝ። የእኔ ባል ያንቺን ሆድ ከየት አውቆ ልላት ቃጣኝና፣ ዋጥ አድርጌ ሎሚ አቀረብሁላት።

የሃያሲውን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብሁት። ያ ግጥም የሌለው ዜማ ለጦርነቱ ሟቾች የወረደ ሙሾ ነው ይላል። ሙሾ! ሀያትን የወለድሁ ሰሞን፣ ልጅቱ አልተኛ ብላ እኔም ደክሞኝ ሳለቅስ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብለህ እኛን ለማስተኛት ያወጣኸው አይደለም? ቀድሜ የተኛሁት እኔ ነበርሁ። እሷ ዓይኗን አፍጥጣ አንተን ስታይ ቀረች።

ይህስ ይሁን፤ ያላወቀ ይሳሳታል። «ጊታሩ ትርሲትን እንደ ባል ይከተላታል፣ ስትደክም ይደግፋታል» ያለው ግን ከጎኔ እንደገባ እሾህ ከረመ። ይህን እንኳ ለእኔ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?

ባለፈው ሳምንት ትርሲት ራሷ መጣች። ዝናብ አርሷት በሩ ላይ ቆመች። ሳያት ደሜ ፈላ፤ እንግዳ ናትና አስቀመጥኋት። አልበሙ እንደገና ሊታተም ነው አለችኝ። ለዚያ ዜማ ግጥም አውጥተህለት እንደዘፈንህልኝ፣ እሱም ስልኬ ውስጥ እንዳለ አንተው ነግረሃት ኖሯል።

«መጨረሻው ላይ ላስገባው፣ ስጪኝ። ሰው ድምፁን ይስማለት» አለች።

ጊታርህን ወስደው ድምፅህን ደግሞ! ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልሁም። «እስቲ አላህን ፈርተሽ ንገሪኝ፤ በመካከላችሁ ነገር ነበረ?» አልኋት።

አንገቷን ደፋች። «በእኔ በኩል ነበረ። እሱ አያውቅም። ልምምዱ ሳያልቅ የሐይቅ መኪና አመለጠኝ ብሎ ጊታሩን ይሸከማል። ሁሌ እንደዚያው። ሳላይሽ ነበር የምጠላሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ካንቺ በቀር ስለ እሱ የማወራው ሰው የለኝም።»

ምን ልበልህ፣ ሰይድዬ? ልቆጣ ተነስቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን የራሴን ረሃብ አየሁበት። ከትልልቁ አሳ አንዱን ጠበስሁና አብረን በላን። አልፎ አልፎ ክር ሲበጠስብህ ጊታሩን ይቅርታ ትለው እንደነበር ነገረችኝ። አላውቅም ነበር፤ እሱም አስቀናኝ። ስትነሳ «ይቅር በይኝ እህቴ፣ ድምፁ የቤቴ ነው» አልኋት። «እኔም ብሆን አልሰጥም» አለችና ጉንጬን ስማኝ ወደ ውጫሌ ተሳፈረች።

ሀያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ አስቀምጬ ስልኩን ከፈትሁላት። እስከ ዛሬ ለእሷም አሰምቼያት አላውቅም። ያ ሻካራ ድምፅህ ዜማውን ሲስተው፣ ሲያሳድደው፣ መሃል ላይ ሲያስልህ አዳመጠች። ሲያልቅ ቀና ብላ «እማ፣ አባቴ መዝፈን አይችልም እንዴ?» አለችኝ። «አይችልም» አልኋት። በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በሳቅ ብዛት ዓይኔ እንባ ያቀረረው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

አትስጋ፣ አልረሳህም። ዛሬ የሚያደንቅህ ሰው ነገ ሌላ አልበም ይወጣለትና ይተውህ ይሆናል። በጊታርህም የፈለጉትን ያህል ይጻፉበት፤ ቅናቴን ችዬ እኖራለሁ። መዝፈን አለመቻልህን ግን እኔና ልጅህ እናስታውስልሃለን።

ያንተው ዘይነባ፣
ከሐይቅ