ትንፋሼ ንጹሕ ነው

ይድረስ ለምናፍቅህ አባቴ፤ ጉልበትህ እንዴት ነው? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። ስደውል ስለምትዘጋብኝ በወረቀት መጣሁ፤ ወረቀት ይቀደዳል እንጂ አይዘጋም።

መካኒኩ የአክስቴ ልጅ ከዚህ ሲመለስ፣ ልጅህን መጠጥ ጨረሰው ብሎ እንደነገረህ ሰምቻለሁ። ያየውን ነው ያወራው። ጉንጬና አፍንጫዬ ፍም መስለዋል፣ ሽፍታ ወጥቶባቸዋል፣ ሙቅ ነገር ስቀምስ ይነድዳሉ። የምነዳው የተማሪዎች አውቶቡስ ነው፤ ወላጆች ፊቴን እያዩ ልጆቻቸውን ከበሩ መለሱ። ኃላፊዬ በየማለዳው በመጠጥ መለኪያ መሣሪያ ያስተነፍሰኝ ነበር፣ ትንፋሼም ንጹሕ ነው። ግን «ወላጆች የሚያዩት ፊትህን ነው» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። አሁን ያንኑ አውቶቡስ አጥባለሁ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል፤ የእኔ ግን ከጎረቤት ወጥቶ ቤቴ ተቀበለው።

ያልተቀባሁት ቅባት የለም። በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም አየችኝ። በሁላችንም ፊት ላይ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ይኖራሉ፣ አንተ ላይ በዝተዋል፣ ቆዳህን የሚያስቆጣው ምናልባት እነሱ የተሸከሙት ባክቴሪያ ነው አለችኝ። ይሆናል እንጂ ነው ብላ አልማለችልኝም፤ ነገሩ ገና እየተጠና ነው። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፣ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም። አባዬ፣ ተስፋዬ እያለቀ ነው። ሌላው ሰው በሽታ አይገኝብኝ ብሎ ይጸልያል፣ እኔ ይገኝብኝ እያልኩ እጸልያለሁ። ሰካራም ከምባል ተባይ ወረረው ብባል ይሻለኛል።

ከዘመድ እንዲህ ያለ ፊት የነበረው አለ ወይ ብላም ጠይቃኝ ነበር። ስለ አባትህ፣ ስለ አያቴ፣ ነገርኳት፤ እሳቸው ግን በመጠጥ ነው አልኳት። «ሲጠጡ አይተሃል?» አለችኝ። አላየሁም፣ የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያሳፍሩኛል ብለህ ከሠርግህ ያስቀረሃቸውን አባትህን፣ አንተስ ሲጠጡ በዓይንህ አይተሃቸዋል?

እናቴን ሰላም በልልኝ፣ ሳሏን ችላ አትበል። ታናሽ እህቴን ፎቶ ላክ ማለቷን ለጊዜው ትተወው በልልኝ። አክስቴንም ሰላም በልልኝ፤ በልጇ ላይ ቂም የለኝም። ለአያቴ ግን ሰላምታ የምልክበት መንገድ የለኝም። መቃብራቸው ድረስ ሂድልኝ፣ መልስህንም ከእኔ በፊት ለእሳቸው ንገራቸው። ከዚያ ስደውል ስልኩን አንሳልኝ።

ልጅህ
ከአውቶቡስ ማጠቢያው፣ ኅዳር 12 ቀን